ሽኩር አንዴ ሲመታ

ልጆች፣ ባለፈው ቅዳሜ የነገርኳችሁን ታሪክ መልሱልኝ። የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጥኩላችሁ። ከርከሮውን በሁለት እርምጃ ርቀት ጥዬ ሽኩርን ከሞት ያተረፍኩበትን ማለቴ ነው። ከርከሮው እውነት ነው። ሁለት እርምጃውም እውነት ነው። ሽኩርም ሲያነክስ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ከመሃሉ ግን አንድ ቁራጭ አውጥቼ ጥዬ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ሰፈራችንን ጠመንጃ ያዥን ከዳር እስከ ዳር ያለዚያ ቁራጭ አዳረስኩት። ዛሬ ቁራጩን ይዤ መጥቻለሁና የናቲ መኪና በር ላይ ስፖንጁን መለጠፍ ለአፍታ ተዉትና ስሙኝ።

መቼም ሰፈሬ ጠመንጃ ያዥ፣ ሥራዬ ጠመንጃ መያዝ፣ ስሜ ተፈራ ሲባል የሰማ ሰው አንበሳ በጥፊ የምመታ ሽማግሌ ይመስለዋል። ሠላሳ ዓመት ለአዳኞች መንገድ መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያለ ፈቃድ አንድ ጥይት አልተኮስኩም፤ ግማሹ ሕግ በማክበር፣ ግማሹ በፍርሃት።

ጊዜው ጥቅምት ነበር። ጥቅምት የጊቤ ቆላ ሣር ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከላይ ደርቆ ወርቅ ሲመስል ከሥሩ የክረምቱ ጭቃ ገና አልጠነከረም። በቆሎው እሸትነቱን ጨርሶ ሊደርቅ ሲል ደግሞ ከርከሮ ያብዳል። የሽኩር እህት ዘይነባ እርሻዋ እዚያው ወንዙ ዳር ነው። በስልክ ደውላ «ዘንድሮ ልጆቼን የማበላው ከርከሮው ካጠገበ በኋላ የተረፈውን ነው» አለችው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሦስት ከርከሮ እንዲገደል ፈቀደ፤ ወረቀቱ ላይ ኃላፊ ተብሎ የተጻፈው የኔ ስም ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኃላፊው እኔ ነኝ።

ጎሽ ቢሆን ኖሮ እንኳ ማፈሩም ወግ ይኖረው ነበር። ከርከሮ ገድሎ የፎከረ ሰው ታውቃላችሁ? ሥጋውን አትበሉት፣ ቆዳውን አታነጥፉት፣ ስሙን ምሳ ሰዓት ላይ ብትጠሩት እንኳ ትቆጣላችሁ። እኔ የተዋረድኩት በዚህ እንስሳ ነው።

ሽኩርን እናንተ የምታውቁት በግ ተራ ዳር በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። በጉብዝናው ጊዜ ከሜክሲኮ በሚነሳ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። በኋላ እኔ ዘንድ መጥቶ ዱካ አንባቢዬ ሆነ። ከታክሲው ይዞ የመጣው አንድ ነገር ቢኖር መዳፉን ነው። አሮጌዋን መኪናዬን፣ ቆርቆሮዋን፣ ታውቋታላችሁ። ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ እሱንም ክረምት ብቻ ነው የምናለብሳት። በር የላትም፤ በበሩ ቦታ ገመድ አለ። ከእግራችሁ ሥር ባለው ቀዳዳ አስፋልት ስትመለከቱ ትሄዳላችሁ። ሽኩር ከኋላ ቆሞ ብረቱን በአንድ እጁ ይይዝና በሌላው መዳፉ ከጆሮዬ ኋላ ያለውን ላሜራ ይመታል። አንዴ ከመታ ቁም። ሁለቴ ከመታ ሂድ። ሦስቴ ከመታ ወደ ኋላ። ጫካ ውስጥ አይጮህም፤ የሰው ድምፅ አውሬ ያስበረግጋል፣ የላሜራ መንኳኳት ግን የመኪናው የራሱ ኮሽታ ነው የሚመስለው። ሃያ ዓመት በዚህ ቋንቋ ስንነጋገር ከሚስቴ ጋር በአማርኛ ከተግባባሁት በላይ ተግባብተናል።

ሦስተኛው ሰው ሚኪያስ ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ ተወልዶ ያደገ፣ ሴራሚክ ነግዶ ያለፈለት፣ ፈቃድ አውጥቶ አደን የሚወድ ሰው። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ብትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። በዚያው ሰሞን አዲስ መኪና አስመጥቶ ነበር። የመኪናውን ዓይነት አልነግራችሁም፤ ናቲ፣ በዓይንህ አትለምነኝ። ሜዳና ገደል ለመሄድ የተሠራ፣ ጣሪያው አዝራር ሲነኩት ተጣጥፎ የሚከፈት፣ ግን ውስጡ የሙሽራ ቤት። ወንበሩ ቆዳ፣ ያውም የሚቀዘቅዝ ቆዳ። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ውሃ የሚያቀዘቅዝ ሳጥን። የኋላውን የሚያሳይ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ነገር።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ሚኪያስ ደጄ ድረስ ይዞት መጣና «እስቲ ይቀመጡበት ጋሼ» አለኝ። ተቀመጥኩ። አንድ አዝራር ነካ፤ ወንበሩ ወገቤን እንደ ሊጥ ያሸው ጀመር። ልጆች፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ወገቤን ያሰበልኝ ፍጡር አልነበረም። እንባዬ ነው የመጣው። በቆርቆሮዋ ወልቂጤ ደርሶ መልስ ማለት ለኔ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ማለት ነበር። ያን ማታ ለሽኩር ደወልኩና የቆርቆሮዋ ካምቢዮ ተበላሸ፣ በሚኪያስ መኪና ነው የምንሄደው አልኩት። ካምቢዮው ምንም አልሆነም። ከወትሮው ይልቅ ጤነኛ ነበር። ሽኩር እነዚያን የተሸፈኑ በሮች እንደማይወዳቸው ስለማውቅ ክርክር ፈርቼ ነው የዋሸሁት።

የምንሄድ ዕለት ጠዋት ሽኩር ደጄ መጥቶ ቆርቆሮዋን አየት አደረጋት፣ መሬቱን አየት አደረገና «እሺ ጋሼ» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ሚኪያስ ወንበሩ እንዳይቆሽሽበት ከኋላ ፕላስቲክ አንጥፎ ስለነበር ሽኩር ፕላስቲኩ ላይ እየተንኮሻኮሸ ተቀመጠ። ልደታ ማርያም ጋ ስንደርስ ምእመኑ ከቅዳሴ እየወጣ ነበር። መስታወቱን አወረድኩ። ለአየር እንዳይመስላችሁ፤ ሰው እንዲያየኝ ነው።

ሜክሲኮ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ሽኩር እጁን በመስኮት አውጥቶ የበሩን ጎን በመዳፉ መታው። «ቱፍ» አለ፤ ትራስ የመታ ነው የሚመስለው። ደግሞ መታው። ቱፍ።

«ጋሼ፣ ይሄ መኪና ደንቆሮ ነው» አለ።

ሚኪያስ ሳቀና የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ታስቦ የተሠራ መሆኑን አስረዳው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የሳቅኩትን ሳቅ ዛሬ ባገኘው በጥፊ እመታው ነበር።

ዘይነባ ደጅ አድረን ገና ሳይሞቅ እርሻው ጠርዝ ላይ ነበርን። ሽኩር ዱካውን ወዲያው አገኘው። ከርከሮ ሲቆፍር የፊት ጉልበቱን አጥፎ ነው፤ ከኮቴው አጠገብ ጭቃው ላይ ሁለት ክብ ክብ የጉልበት ምልክት ይተዋል። አንደኛው ዱካ ከሌሎቹ ሰፋ ያለና ጠለቅ ያለ ነበር። «ይሄ ሽማግሌው ነው፤ እንደ እርስዎ ከባድ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ሦስት ሰዓት ገደማ ጅራታቸውን እንደ አንቴና አቁመው ከበቆሎው ወጡ። ሚኪያስ ቸኮለ። ጥይቱ ሽማግሌውን ከኋላ አገኘው፤ እሱም ሣሩ ውስጥ ገባና ጠፋ። ደሙን ሄደን ስናየው ጥቁር ነው፣ የበቆሎ ፍርፋሪ አለበት። ሆዱን ነው የተመታው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ቶሎ አይገድልም፤ ብቻ ያናድዳል።

እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ ያስተማርኩት አንድ ሕግ አለ። የቆሰለ አውሬ በእግር ነው የሚከተሉት። መሪው ጠመንጃውን ይዞ ይቀድማል፣ ዱካ አንባቢው ከጎኑ ሆኖ መሬቱን ያያል፣ ሌላው ከኋላ ይሆናል። ሽኩር የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የቆላው ዝንብ ሸሚዝ ላይ አርፎ ሥጋ ድረስ የሚወጋ ነው። ከኋላዬ የመኪናው በር ክፍት ነው፤ ቅዝቃዜው እስከ ማጅራቴ ይመጣል። ወንበሩ የሚጠራኝ መሰለኝ።

ሣሩ ረጅም ስለሆነ ከመኪና ላይ ይሻላል አልኩ። ሽኩር ከኋላ ተጠባባቂው ጎማ ጋ ያለው መርገጫ ላይ ይቁም፣ ከላይ ሆኖ ይይልን፣ እንደ ወትሮው በመዳፉ ይምራን።

ሽኩር መኪናውን አየ። «በዚህ ላይ?» አለ።

«ጠንከር አድርገህ ምታ» አልኩት።

መሪውን እኔ ያዝኩ፣ ሚኪያስ በኔ ሕግ መሠረት ጠመንጃውን አራግፎ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ከጎኔ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄድን ዝንቡ አላስቀምጥ ሲለን ጣሪያውን ዘጋነው፣ መስታወቱንም ዘጋነው። ዓለም ጸጥ አለች። ወንበሩ ወገቤን ማሸት ጀመረ። እውነቴን ነው፣ አደን ላይ መሆኔን ረሳሁት።

የኋላውን የሚያሳየው ቴሌቪዥን ላይ የሽኩር ደረትና ክንድ ይታያል። ክንዱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ድምፅ የለም። ሚኪያስ አየውና «ሽኩር ዝንቡን አልቻለውም» አለ። እኔም ቀልደኛ ነኝ አይደል፣ «ዝንቡም እሱን አልቻለውም» ብዬ መለስኩ። ሁለታችንም ሳቅን።

ልጆች፣ ያ ክንድ «ቁም» እያለኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንደመታ ጠይቄው አላውቅም።

ሽኩር ከላይ ሆኖ ያየው የአፈር ክምር ነው፤ ሌላ አውሬ ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ፣ አፉ ላይ ጥቁር ደም። ከርከሮ ጉድጓድ ሲገባ በኋላው ነው የሚገባው፣ እንደ ባለሱቅ ፊቱን ወደ ደጅ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ የመኪናውን አፍንጫ ክምሩ ላይ ልወጣ ስል መኪናው ራሱ ጮኸና ቆመ፤ እንቅፋት አየ። ከኔ ይሻላል። በዚያው ቅጽበት ሽኩር ወርዶ በግራ በኩል ወደ እኔ ሊነግረኝ እየሮጠ መጣ፣ ከርከሮውም ከጉድጓዱ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ወጣ።

ሽኩር በእኔ በኩል ያለው በር ላይ ደርሶ እጀታውን ሳበው። አልተከፈተም። መኪናው መሄድ ሲጀምር በሮቹ በራሳቸው ይቆለፋሉ። እንደገና ሳበው። ከዚያ መስታወቱን በመዳፉ መታው። አንዴ። ይሄን ሰማሁት። መዳፉ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ፊቱን ከመዳፉ ጎን አየሁት። ከኋላው ከርከሮው ዞሮ እየመጣ ነው፣ ክራንቻው ከአፈር የወጣ ማጭድ ይመስላል።

ቅዳሜ የነገርኳችሁ የበሩን መክፈቻ አዝራር ፈልጌ እንዳጣሁት ነው። ቆርጬ የጣልኩት ቁራጭ ይሄውላችሁ። አዝራሩን አውቀው ነበር። ሚኪያስ ገና ልደታ ሳለን ሁለት ጊዜ አሳይቶኛል። ጣቴ አዝራሩ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ቁጠሩ፤ ያን ያህል ነው የቆየሁት። ምንም አላሰብኩም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አስቤያለሁ። ከከፈትኩት ከርከሮውም አብሮ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ቅዝቃዜ ላይ፣ ወገቤ እየታሸ፣ የሃያ ዓመት ወዳጄን በመስታወት እያየሁ ይህን አሰብኩ።

ሽኩር እጁን ከመስታወቱ አንስቶ በፊት በኩል ዞረ። ኮፈኑ ላይ ሊወጣ ዘለለ። ቆርቆሮዋ ብትሆን የሚይዘው ብረት ነበራት፣ የሚረግጠው የጎማ ሽፋን፣ ፓራፋንጎ ነበራት። ይሄ ግን እንደ ሳህን የተወለወለ ነው። ተንሸራቶ ወረደ። ከርከሮው ሲያልፍ ክራንቻው ከጉልበቱ በታች ከኋላ በኩል ገባበት። ሽኩር አልጮኸም፤ ጫካ ውስጥ አይጮህም አልኳችሁ።

ያኔ ነው የተጫንኩት። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። በር ተከፈተ ብሎ መኪናው ደወሉን ያንጫርራል፣ ሚኪያስ ያጎረሰውን ጠመንጃ በወንበሩ ላይ አሻግሮ ሰጠኝ። ከርከሮው ሽኩርን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ተኮስኩ። ሁለት እርምጃ ነበር፣ ይሄ አልተቀነሰም አልተጨመረም። ክራንቻው የፊት ጎማውን ነክቶ ወደቀ። ጀግና ያደረገኝ ይሄ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፍርሃት የመጣ ነው፣ ወደ እኔ ባይዞር ኖሮ እንጃ።

እግሩን በቀበቶዬና በሚኪያስ ሸሚዝ አሰርን። ተሸክመን ስናስገባው ደግሞ አንድ ነገር አደረግሁ። ፕላስቲኩ ተሰብስቦ ስለነበር መልሼ አነጠፍኩት። ደም እንዳይነካው። ባለመኪናው ሚኪያስ እንኳ አላሰበውም፤ «ተዉት እንጂ ጋሼ» ነው ያለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ።

የእውነቱን ከተናገርን ሁሉንም እንናገር። ያንን አባጣ ጎርባጣ መንገድ እስከ ወልቂጤ ሽኩር እንደ ጨቅላ ሳይነቀነቅ ነው የሄደው። በቆርቆሮዋ ቢሆን ደሙ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ሐኪሙም ቶሎ መድረሳችሁ ጠቀመው ብሎናል። ስለዚህ ምቾት ኃጢአት ነው ልላችሁ አልመጣሁም፤ ያንን የምል ብሆን ወገቤ ራሱ ይስቅብኛል። መኪናው የታዘዘውን ነው ያደረገው። እኔ ነኝ የታዘዝኩትን ያላደረግሁት።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ልጠይቀው ገባሁ። ጅማቱ ተቆርጧል፣ ከእንግዲህ ዱካ ተከትሎ አይሄድም ተብሏል። ብርቱካን ይዤ ነበር። ሽኩር ጣሪያውን እያየ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ተሠራ?»

«ተሠራ» አልኩት።

«ደግ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሚኪያስ የሁለት እርምጃውን ተኩስ ለሰፈር አወራ፣ እኔም ሰው ሲያወራልኝ ዝም ማለትን፣ ቀጥሎም ማገዝን ተማርኩ። በየዓመቱ ከርከሮው ትንሽ ትንሽ እየገዘፈ ሄደ። ሽኩር ባለበትም በሌለበትም አወራሁት። አንድ ቀን እንኳ «እንዲህ አይደለም» ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት እናንተ እዚህ የናቲን መኪና ስታለብሱ ሽኩር እዚያ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ከርከሮውን ጥዬ ጨረስኩ። ናቲም ስፖንጅ የለጠፍክበትን በር በመዳፍህ መትተህ «ሲያልቅ ከውጭ ምንም አይሰማም ጋሽ ተፈራ» አልከኝ። ቱፍ አለ። ሽኩር ቀና ብሎ አየኝ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ ከመዳፍ ጎን።

ስለዚህ ናቲ፣ ወንበሩን ቆዳ አልብሰው፤ ወገብ ወገብ ነው፣ አንተም ትደርስበታለህ። ውሃ ማቀዝቀዣም ግጠምበት። ግን ከነጂው ጆሮ ኋላ አንድ መዳፍ የሚያህል ላሜራ ራቁቱን ተውልኝ። በሩን ደግሞ ብትችል ገመድ አድርገው። በር የሌለው መኪና ፈሪ አይደብቅም።

ቅዳሜ ከዚህ ስንወጣ ሽኩርን በቆርቆሮዋ ላደርሰው ከኋላ አሳፈርኩት፤ አሁንም ከኋላ ነው የሚወደው፣ እግሩን ዘርግቶ። የልደታ ባቡር ጣቢያ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ሳልዞር፣ መሪውን እንደያዝኩ፣ ያን ጊዜ ካምቢዮው ደህና ነበር አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ዋዜማውን ስመጣ አፍንጫዋ ወደ ግቢ ነበር። ጠዋት ወደ መንገድ ዞራ ነው ያገኘኋት። ጎማው ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄዷል። ካምቢዮ የሌላት መኪና እንዲህ አትዞርም።»

ለካ ለሃያ ዓመት ዱካ አንባቢ ያልኩት ሰው የኔን ዱካ ደጄ ላይ አንብቦ፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ አብሮኝ ሄዷል።

አዝራሩንም አውቀው ነበር አልኩት።

«ጣትዎን አይቻለሁ» አለ ሽኩር።

ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላለኝም። ይተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው አላለኝም። ከፊታችን መንገዱ ተከፈተ፣ ከኋላችን ያሉት ክላክስ ማስጮህ ጀመሩ፣ ታክሲዎቹ በግራም በቀኝም ያልፉናል። እኔ እግሬን ከፍሬኑ ማንሳት አልቻልኩም። እሱ ሳይለኝ መሄድ አይገባኝም የሚል ነገር ያዘኝ።

ከጆሮዬ ኋላ ላሜራው ተመታ። ሁለቴ።

ምሬዎታለሁ ማለቱ ይሁን፣ ሰው እየጠበቀ ነው ይንዱ ማለቱ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ነዳሁ።